በሐይቅና በአምባሰል ጓሮዎች የቡና ችግኝ ዕድገት መጓተት፦ መንስኤውን የመለያ ቅደም ተከተል

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ዙሪያና በአምባሰል ወረዳ ወይናደጋ ቀበሌዎች፣ ቡና በየጓሮው ይተከላል። ችግኙ በከረጢት ውስጥ እያለ ዕድገቱ ሲጓተት፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ዩሪያ ወይም የምድጃ አመድ መጨመር ነው። ይህ ጽሑፍ የዕድገት መጓተት ራሱ በሽታ ሳይሆን የብዙ መንስኤዎች የጋራ ምልክት መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህም ማንኛውም ነገር ከመጨመሩ በፊት ዕድሜን፣ የጉዳቱን ስርጭት፣ ሥርንና የመጠጫ ውኃን በቅደም ተከተል መመርመር እንደሚገባ ያሳያል። በተለይ መውጫ የሌለው የሐይቅ ሐይቅ ውኃ አልካላይነት ከብረት እጥረት ጋር ያለው ግንኙነት ተብራርቷል። በመጨረሻም በሃያ ችግኞች ሊካሄድ የሚችል ማረጋገጫ ሙከራ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቡና ችግኝ፣ ጓሮ፣ የሥር ምርመራ፣ አልካላይ ውኃ፣ የብረት እጥረት፣ ዩሪያ

1. መግቢያ

የጓሮ ቡና የሚተከልበት ወቅት አጭር ነው። ክረምቱ በሰኔ መጨረሻ ሲጠነክር ችግኙ ለተከላ መድረስ አለበት። ካልደረሰ የሚቀጥለው ዕድል የሚገኘው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈልግ፣ በከረጢት ውስጥ የባከነ አንድ ክረምት የቤተሰቡን የመጀመሪያ ለቀማ በዚያው መጠን ያራዝመዋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሥሩ የተበላሸ ችግኝ በማዳበሪያ ለምልሞ መተከሉ ነው። እንዲህ ያለው ተክል ለጥቂት ዓመታት ጤነኛ መስሎ ከቆየ በኋላ፣ ፍሬ መሸከም ሲጀምር ወይም ድርቅ ሲገጥመው ይጠወልጋል። ያን ጊዜ መንስኤው ከችግኝ ጣቢያው እንደመጣ የሚያስታውስ አይኖርም።

ስለዚህ የጥያቄው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። «ምን እንጨምርለት?» ከሚለው በፊት «ምን ከለከለው?» የሚለው መመለስ አለበት።

2. በእርግጥ ዘግይቷልን?

ቡና በተፈጥሮው ዝግተኛ ተክል ነው። ዘሩ ለመብቀል በሞቃት አካባቢ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በደጋማ ቦታ ደግሞ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ፍሬውን ጫፉ ላይ እንደተሸከመ ቀና ይላል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ክብ የፍሬ ቅጠሎች ተዘርግተው ቢራቢሮ ይመስላል፤ እውነተኛዎቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለተከላ እስኪደርስ በጠቅላላው ከ8 እስከ 12 ወር ይፈልጋል። ስለሆነም በጥር የተዘራ ዘር በሚያዝያ ገና ሁለት ጥንድ ቅጠል ይዞ መገኘቱ የችግር ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ዘሩ ነው። የቡና ዘር የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። በተራ አቀማመጥ ከጥቂት ወራት በላይ የቆየ ዘር ቢበቅል እንኳ ቡቃያው ደካማና ወጣ ገባ ይሆናል። ከገበያ የተገዛ ጀንፈል ዕድሜው ስለማይታወቅ ለዘር አይመከርም። ተመራጩ ከታወቀ ጤነኛ እናት ዛፍ የተለቀመ፣ ተፈልፍሎ በጥላ ሥር የደረቀ ቀይ እሸት ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ለአረቢካ ቡና ተስማሚ የሚባለው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ የአምባሰል ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከሐይቁ ዳር 300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ጓሮ ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለው። የውኃው አካል የዳርቻውን የሌሊት ብርድ ሲያለዝበው፣ ከፍ ያለው ጓሮ ያን ጥቅም አያገኝም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ዕድገት ቢቆምና በበልግ ቢቀጥል፣ ያ ችግኝ ወቅቱን ጠብቋል እንጂ አልታመመም። መፍትሔውም ከሌሊት ነፋስ መከለልና የዘር ጊዜን ማስተካከል ነው።

3. የጉዳቱን ስርጭት ማንበብ

አንድን ችግኝ ነጥሎ ከማየት በፊት መደቡን በሙሉ ማየት ይጠቅማል። ሁሉም እኩል ከተጓተቱ መንስኤው የጋራ ነው፤ የአፈር ድብልቅ፣ ውኃ፣ ብርድ ወይም ጥላ ይጠረጠራል። ጠንካሮችና ደካሞች ያለ ሥርዓት ከተደባለቁ ዘሩና ሥሩ ይጠረጠራሉ። ጉዳቱ በመደቡ ዳር ብቻ ከታየ ፀሐይና ነፋስን፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ በክብ ከሰፋ ደግሞ ግንዱን ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ላይ የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ብርሃንም የራሱን ምልክት ይተዋል። ጥላ ሲበዛ ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል፣ በቅጠል ጥንዶች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ፀሐይ ሲበዛ ተክሉ ያጥራል፣ ወደ ፀሐይ የዞረው የቅጠል ገጽ ይነጣል፣ ከዚያም ይቃጠላል። ሰርኮስፖራ በተባለው ፈንገስ የሚመጣው መሐሉ ነጣ ያለ ቡናማ ነጠብጣብም ጥላና ናይትሮጅን ባነሳቸው ችግኞች ላይ ይበረታል። ነጠብጣቡን ያየ ሰው መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት ዳሱን ቢያይ ይሻላል።

4. ሥሩን ማየት

ከምርመራው ሁሉ ዋጋው ከፍተኛ የሆነው በጣም የሚፈራውም ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ችግኝ መሥዋዕት አድርጎ ከረጢቱን መቅደድና ሥሩን በውኃ አጥቦ ማየት። ከደካሞቹ አንዱን፣ ከጠንካሮቹም አንዱን ወስዶ ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል። የሚፈለጉት ምልክቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ዋናው ሥር ተጣጥፎ ወይም እንደ ሜንጦ ታጥፎ ከተገኘ ስህተቱ የተፈጸመው ቡቃያው ከመደብ ወደ ከረጢት ሲዛወር ነው። ይህን የሚያቃና ማዳበሪያ የለም፤ ችግኙ መወገድ አለበት። ሁለተኛ፣ ሥሩ ጠቁሮ ሽፋኑ በጣት ሲሳብ ከወጣና አፈሩ የረግረግ ሽታ ካለው ውኃ በዝቷል። በተለይ ከረጢቱ በዋልካ አፈር ብቻ ከተሞላ ወይም ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ይህ ይደርሳል። ዋልካ ሲርስ አየር ያሳጣል፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ፀጉራም ሥሮችን ይበጥሳል። ሦስት እጅ የላይ አፈርን ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር መደባለቅ የተለመደ መነሻ ሲሆን፣ አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋ ይጨመርበታል። ሦስተኛ፣ ሥሩ ነጭና ጤነኛ ሆኖ ከረጢቱ ግርጌ ላይ ከተጠቀለለ ችግኙ ቤቱ ጠቦታል፤ የሚያስፈልገው መተከል ነው፣ በተከላው ጊዜም የተጠቀለለው ግርጌ ይቆረጣል። አራተኛ፣ በሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ከታዩ ኔማቶድ ይጠረጠራል፤ አፈሩም ለሌላ ችግኝ መዋል የለበትም።

ሥሩ ከእነዚህ ሁሉ ነጻ ከሆነ ብቻ ወደ ምግብ ጥያቄ ማለፍ ይቻላል። የታመመ ሥር ያለው ችግኝ በቅጠሉ ላይ የምግብ እጥረት ምልክት ማሳየቱ አይቀርም። ምግቡ በአፈሩ ውስጥ አለ፤ የሚወስደው አፍ ግን ታሟል።

5. ቢጫው ቅጠል የትኛው ነው?

ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ነው። ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌ ቅጠሎች ወስዶ ለአዲሶቹ ይሰጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆኑት የታችኞቹ ናቸው፣ ቢጫነቱም ገጹን በሙሉ ያለብሳል። ብረት ግን ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ በቀላሉ አይዛወርም። ሲያንስ የሚጎዱት የጫፍ ለጋ ቅጠሎች ናቸው፤ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ገጽ ይገረጣል። ሁለቱም በሩቁ «ቢጫ ሆነ» ይባላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

የሐይቅ አካባቢ ተለይቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና እስከ 88 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውን ጨምሮ የሚገቡት ጅረቶች የተሸከሙት ማዕድን ውኃው ሲተን ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ውኃው አልካላይ ነው፤ ፒ.ኤች. መጠኑ 9 ገደማ ነው። ቡና ግን የሚስማማው በመጠኑ አሲዳማ፣ ፒ.ኤች. ከ5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ነው።

አንድ ቀን በሐይቁ ውኃ ማጠጣት ጉዳት የለውም። ችግሩ ድግግሞሹ ነው። አንድ ሊትር አፈር ብቻ የያዘ ከረጢት ከጥቅምት እስከ ጥር በየሁለት ቀኑ ሲጠጣ፣ ውኃው ይተናል፣ ባይካርቦኔቱ ይቀራል። የአፈሩ ፒ.ኤች. በአንድ አሃድ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው ባለ ሦስት ኃይል ብረት በአንድ ሺህ እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ወሎ ላይ ያለው ከባዝልት የተገኘ አፈር በጠቅላላ ብረቱ ደሃ አይደለም፤ ነገር ግን ተክሉ ብረቱን ሊያነሳው አይችልም። በከረጢቱ ከንፈር ላይ የሚታይ ነጭ ቅርፊት የዚህ ክምችት የመጀመሪያ ምልክት ነው። በቅርፊቱ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሆምጣጤ ጠብ ሲል አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለ ማለት ነው። አረፋ አለማውጣቱ ግን ውኃውን ነጻ አያደርገውም፤ የፒ.ኤች. ልኬት ያስፈልጋል።

የምድጃ አመድም በዚሁ አቅጣጫ ይሠራል። አመድ ፖታሽየም ይሰጣል፤ አሲዳማ በሆነ አፈር ላይም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የራሱ ፒ.ኤች. ከ10 በላይ ስለሆነ፣ ቀድሞውኑ በአልካላይ ውኃ በተጎዳ ከረጢት ላይ መነስነሱ ችግሩን ያባብሳል። በምንጭ ውኃ ለሚጠጣ የአምባሰል ተዳፋት ጓሮ የሚስማማው ልማድ ለሐይቁ ዳር ጓሮ ላይስማማ ይችላል።

6. የአንድ ማንኪያ ዩሪያ ሒሳብ

ተዘርግቶ ሲለካ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 22 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከረጢት ሲሞላ አንድ ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ የአፉ ስፋትም ወደ 46 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ 5 ግራም ያህል ቢመዝን፣ ይህን በዚያ ስፋት ላይ መጨመር በሄክታር ሲሰላ ከ100 ኩንታል በላይ ነው። ገበሬው ለእህል ማሳው ለረጅም ጊዜ ሲመከር የኖረው በሄክታር አንድ ኩንታል ገደማ ነበር። በፍቅር የተጨመረው ማንኪያ ከመቶ እጥፍ የበለጠ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ውጤቱም የቅጠል ጫፍ መቃጠልና የፀጉራም ሥሮች መሞት ነው። በተጨማሪም ዩሪያ ሲሟሟ መጀመሪያ የአፈሩን ፒ.ኤች. ከፍ ስለሚያደርግ፣ በአልካላይ ውኃ የገረጣን ችግኝ ለጊዜው ይበልጥ ያገረጣዋል። የናይትሮጅን እጥረት ከተረጋገጠ በ1 ሊትር ውኃ 1 ግራም ሟሙቶ ለእያንዳንዱ ከረጢት 100 ሚሊ ሊትር በየሁለት ሳምንቱ መስጠት ለሙከራ መነሻ ይሆናል።

7. ማረጋገጫ ሙከራ

ምልክት ጥርጣሬን ይሰጣል እንጂ ፍርድን አይሰጥም። ተመሳሳይ ዕድሜና ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን ሃያ ችግኞች መርጦ፣ በዕጣ በአራት መድቦ፣ ለስድስት ሳምንት መከታተል ይቻላል።

ሀ) እንደ ቀድሞው የሚጠጡ፣ ምንም የማይጨመርላቸው፤
ለ) በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ብቻ የሚጠጡ፤
ሐ) እንደ ቀድሞው እየጠጡ በ1 ሊትር 5 ግራም የብረት ሰልፌት በቅጠላቸው ላይ የሚረጭላቸው፤
መ) እንደ ቀድሞው እየጠጡ ከላይ የተጠቀሰው ቀጭን የዩሪያ ሙሙት የሚሰጣቸው።

በየሳምንቱ ቁመት፣ የቅጠል ጥንድ ብዛትና የለጋ ቅጠል ቀለም ይመዘገባል። «ለ» እና «ሐ» ካገገሙ ብረትና ውኃው፣ «መ» ብቻውን ካገገመ ናይትሮጅን መንስኤ መሆናቸው ይጠነክራል። ማንኛውም ካላገገመ ወደ ሥርና ወደ ሙቀት መመለስ ግድ ነው። ሁሉም ካገገሙ ደግሞ፣ «ሀ»ንም ጨምሮ፣ ያዳነው ወቅቱ ነው። ያለ «ሀ» ምድብ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ በጓሮ ልምድ ውስጥ ለማዳበሪያ የሚሰጠው ምስጋና ከፊሉ የበልግ ሙቀት ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አራቱ ምድቦች በመደቡ ላይ ተደባልቀው መቀመጥ አለባቸው። አንዱ ምድብ በሙሉ ከግድግዳ ሥር፣ ሌላው በሙሉ በነፋስ ፊት ቢቀመጥ የሚለካው የቦታ ልዩነት ይሆናል። በአንድ ጓሮ ያሉ አምስት ችግኞችም የአንድ ጓሮ ማስረጃ ናቸው፤ ስለ አካባቢው ለመናገር ሙከራው በተለያየ ከፍታና በተለያየ የውኃ ምንጭ በሚጠቀሙ ብዙ ጓሮዎች መደገም ይኖርበታል።

8. መደምደሚያ

በከረጢት ውስጥ የተጓተተ የቡና ችግኝ ሲያጋጥም ቅደም ተከተሉ ዕድሜና ወቅት፣ ስርጭት፣ ሥር፣ ውኃ፣ በመጨረሻም ምግብ ነው። ይህ ሥርዓት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማስመሪያ፣ መዝገብ፣ የፒ.ኤች. መለኪያ ወረቀትና አንድ ችግኝ ለመቅደድ የሚያስችል ድፍረት ይበቃል። በሐይቅና በአምባሰል ለሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቀዳሚው ሥራ የየጓሮውን የመጠጫ ውኃ በበጋና በክረምት ለክቶ ከችግኙ ዕድገት ጋር ማስተያየት ነው። ለጓሮው ባለቤት የሚሰጠው ምክርም ከዚሁ የሚነሳ ነው፤ በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ማጠራቀም፣ አመዱን ከችግኙ ማራቅ፣ ሥሩ የታጠፈውን ያለ ርኅራኄ ማስወገድ። በሐምሌ የሚተከለው ችግኝ ብዛቱ ቢቀንስም፣ የተተከለው እስከ ለቀማ የሚደርስ ይሆናል።