መጀመሪያ ጠርዙን ነው የማየው

ልጄ፣ ጊታር ላይ ቬኒር፣ ያንን ስስ የእንጨት ልጣጭ፣ ልትለጥፍ መነሳትህን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁልህ። እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ቁም ሣጥን ስሠራ ነው። ጊታር የነካሁት ዘግይቼ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ቁም ሣጥንን ሰው ከሩቅ አይቶ ያልፋል፤ ጊታርን ግን አቅፎ፣ መብራት ሥር እያገላበጠ ያየዋል።

1. ውፍረቱን እወቅ። ገበያ ላይ የምታገኘው ቬኒር በአብዛኛው 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሌላው ስህተት ይታረማል፤ ይህን ልጠህ ከጨረስክ ግን አለቀ። አንድ ጊዜ የደንበኛ ጊታር፣ ነበልባል የመሰለ ጥለት ያለው ሜፕል፣ በማሽን አለሰልስ ነበር። ጠርዙ ላይ የጥፍር ያህል የነጣ ነገር ብቅ አለ። አቧራ መስሎኝ በጣቴ ጠረግኩት። አልሄደም። ቬኒሩ አልቆ ከሥሩ ያለው እንጨት ነበር። ሁሉንም በካውያ አሙቄ ልጬ እንደገና ለጠፍኩ፤ ኪሳራው የኔ። ከዚያ ወዲህ ቬኒር ላይ ማሽን አላሳርፍም። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ፣ በ220 ቁጥር ጀምረህ፣ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ብቻ ሂድ። ጠርዙን መጨረሻ ላይ፣ በእጅህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዳሰስ አድርገህ ተወው።

2. ኮላ አታብዛ። ነጩ የእንጨት ኮላ ሲበዛ በቬኒሩ ቀዳዳ አልፎ ላይ ይወጣል። ሲደርቅ አይታይም፤ ቀለም ስትቀባ ግን ያ ቦታ ቀለም አልጠጣም ብሎ እንደ ለምጽ ይቀራል። ስለዚህ ከቀለም በፊት በአልኮል የራሰ ጨርቅ አሳልፍበት፤ ኮላ ያለበት ነጣ ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ደግሞ በጥፍርህ እየቆረቆርክ አዳምጥ። ባዶ ድምፅ ከሰጠህ ከሥሩ አየር አለ፤ በምላጭ በጭረቱ አቅጣጫ ቅደደው፣ ትንሽ ኮላ አስገባ፣ ወረቀት ጣል አድርገህ ለብ ባለ ካውያ ተጫነው።

3. መደፈን የማያስፈልገውን አትድፈን። ሜፕል ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ መድፈኛ አይፈልግም። ማሆጋኒ፣ ሮዝውድ፣ ዋልነት ግን እንደኛ ዋንዛ ቀዳዳቸው በዓይን ይታያል፤ ሳይደፈኑ እንደ መስታወት አይለሰልሱም። እዚህ ላይ የአገር ቤቱ አመላችን ያስቸግራል፤ ቀዳዳ ባየን ቁጥር እጃችን ወደ ስቱኮ ይሄዳል። ጥለት ያለው እንጨት ላይ ስቱኮ እንዳላይ! ጥለቱ እኮ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን ነው። የእንጨቱ ክሮች ይታጠፋሉ፤ አንዱ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ሌላው ይውጠዋል፤ ጊታሩን ስታዘነብለው ሞገዱ የሚሄድ የሚመስለው ለዚህ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ነገር ከቀባህበት ጥለቱን ገደልከው።

እኔ የምጠቀመው ቀጭን ኢፖክሲ ነው። በአሮጌ የባንክ ካርድ፣ ከጭረቱ ሰያፍ እየሳብክ፣ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ እስኪቀር ጥረገው። ሲጠነክር አለስልሰህ ድገመው፤ አንዴ ብቻ ከሞላኸው ኋላ እየሰመጠ ይከዳሃል። ቀለም የምትቀባ ከሆነ በቀለሙና በኢፖክሲው መካከል ሰሙ የወጣለት ሼላክ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ስታለሰልስ ሼላኩ ላይ ትቆማለህ፣ ቀለሙን አትነካም። ጥንቱን የሚወዱ ደግሞ የፑሚስ ዱቄትና ሼላክ በጨርቅ እያሹ ይደፍናሉ፤ ዱቄቱ እንጨቱን እየፋቀ በራሱ ብናኝ ይሞላዋል። ያማረ ሥራ ነው፤ ክንድና ትዕግሥት ካለህ ሞክረው።

4. ከግንድ እባጭ የተላጠ ቬኒር ቀዳዳው ብዙ ነው። ከዚያው እንጨት የወጣ ብናኝ በኢፖክሲ ለውሰህ ድፈነው።

5. ቀለም ከመቀባትህ በፊት እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አሳልፍበት፤ ጸጉሩ ይቆማል፣ ሲደርቅ በስሱ ቁረጠው። ጥለቱ እንዲጎላ ጥቁር ቀብተው፣ መልሰው ፍቀው፣ ከዚያ ዋናውን ቀለም የሚቀቡ አሉ። ድፍን ሜፕል ላይ ግሩም ነው፤ ቬኒር ላይ ግን ያቺ ፍቂያ ከ0.6 ሚሊሜትሯ ላይ እንደምትቀነስ አትርሳ። ፀሐይን የሚችል ቀለምም ምረጥ። ጊታር ሠሪው ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሠራቸው ሰንበርስት ቀለም የተቀቡ ሌስ ፖል ጊታሮች ብዙዎቹ ቀዩ ቀለማቸው በፀሐይ ጠፍቶ ማር መስለዋል። የነሱ የደበዘዘው ዛሬ በውድ ይሸጣል፤ ያንተ ቢደበዝዝ ግን ደንበኛህ ይመልስልሃል።

6. ኒትሮ ላከር ስትረጭ ስስ ስስ አድርገህ፣ አየር በሚወጣበት ቦታ፣ ጭምብልህን አድርገህ፣ እሳት በሌለበት ይሁን። ከዚያ ጊታሯን እንደ አራስ ጠብቃት፤ ቢያንስ አንድ ወር። አፍንጫህን አስጠግተህ አሽትታት፤ ላከር ላከር ካለች ገና ናት። ሲበቃት በ1000 ቁጥር ጀምረህ እስከ 2000 በውሃ አለስልሳት። ውሃው ግን ወደ ስፒል ቀዳዳ እንዳይገባ፤ ገብቶ ቬኒሩን ካነሳው የወሩን ልፋት ከዜሮ ትጀምራለህ።

የመጀመሪያውን ሥራህን ስትጨርስ አምጥተህ አሳየኝ። መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው።