ያልተመዘገበ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቈጠራል
(ስለ ልዩ ስብስብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የቀረበ አጭር ጥናት)

በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለ ልዩ ስብስብ ክፍል የሚሰማው ነገር ብዙውን ጊዜ ምሬት ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያው በገዛ እጃችን አናነሣም፤ ወደ መኝታ ቤታችን አንወስድም፤ ብዕራችንን አስቀምጠን በእርሳስ ብቻ እንድንጽፍ እንታዘዛለን። ስለዚህም እዚያ የተቀመጠውን ሠራተኛ ሀብቱን ለሰው ላለማሳየት የማለ ንፉግ አድርገን የምናየው ጥቂቶች አይደለንም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህ ሰው በእውነቱ ምን እንደሚሠራ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ልዩ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

የኬሚስትሪ መማሪያ ቢጠፋ፥ ገንዘብ እስካለ ድረስ፥ ሌላ ይገዛል። የብራና መጽሐፍ፥ የደብዳቤ ጥራዝ፥ የድሮ ጋዜጣ ወይም ፎቶግራፍ ግን ቢጠፋ ምትኩ በገበያ አይገኝም። የልዩ ስብስብ ክፍል የሚለየው እንግዲህ በመጽሐፉ ዋጋ ሳይሆን በጥፋቱ ዓይነት ነው።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌያችን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርስቲው ከተሰጠ በኋላ፥ ተቋሙ በ1963 በዚያው ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፥ የቤተ መጻሕፍቱንና የሙዚየሙን ሥራ የያዙት ደግሞ ቀደም ሲል በዩኒቨርስቲ ኮሌጁ መጻሕፍትንና ቅርሶችን ሲሰበስቡ የነበሩት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ፥ በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን፥ በአንድ ጣራ ሥር ማግኘት የተቻለው ሰብሳቢዎቹ እያንዳንዱን ወረቀት ሳይንቁ በመያዛቸው ነው።

፪. የሥራው ልብ ምዝገባ ነው

አንድ የብራና መጽሐፍ ወደ ክፍሉ ሲገባ እንደ ታተመ መጽሐፍ ስሙንና ዓመቱን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ሠራተኛው ቅጠሉን ይቈጥራል፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ይለካል፤ ጽሑፉ በስንት ዓምድና በስንት መሥመር እንደ ተጻፈ ይመዘግባል፤ የገበታውን እንጨትና የማኅደሩን ቆዳ ይመረምራል። ከዚያም የፊደሉን ቅርጽ ያያል፤ በጸሎቱ መካከል የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ቢያገኝ ዘመኑን ለመገመት ይረዳዋል። የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ገብቶበት እንደ ሆነም ልብ ይላል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግዕዝ ማወቅ ግድ ነው።

ትልቁ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባዶ በነበሩት ቅጠሎች ላይ ነው። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን፥ ውልንና ኑዛዜን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ ነበር፤ ወንጌልን የሚደፍር አይኖርም ብለው ነውና። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፥ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፈው፥ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዟል። እንግዲህ መጽሐፍን በዝርዝር መመዝገብ ከውጭ አገር የመጣብን ልማድ አይደለም፤ በገዳሞቻችን የቆየ ሥራ ነው።

ካርዱ ላይ «ወንጌል፥ ብራና» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ግን ስለ መሬት ሥሪት የሚያጠና ተማሪ ያን መጽሐፍ በጭራሽ አይጠይቅም። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ ለእርሱ የለም ማለት ነው። ያልተመዘገበ፥ ወይም በግድየለሽነት የተመዘገበ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቈጠራል ያልነው ስለዚህ ነው።

፫. የመጣበትንም መጻፍ

ምዝገባው መጽሐፉ ምን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ከየት፥ በማን እጅ፥ በምን ሁኔታ እንደ መጣም መናገር አለበት። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው ሀብት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። ከዚያም ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብሪትሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ያሉት በብሪትሽ ላይብረሪ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1872 ወደ እንግሊዝ ሲጽፉ የጠየቁት በደፈናው «መጻሕፍታችንን» ብለው አልነበረም። ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው፥ በውስጡም ሕግና የሹማምንት፥ የአብያተ ክርስቲያናትና የአውራጃዎች ስም እንደሚገኝ ገልጸው ነበር። ያም መጽሐፍ ተመለሰ። ሌሎቹ በብዛት እዚያው ቀሩ። ለይተን ያወቅነውን መጠየቅ እንችላለን፤ ያላወቅነውን ግን መጥፋቱን እንኳ አናውቅም።

፬. መጠበቅና መስጠት

አሁን ወደ ምሬታችን እንመለስ። መጽሐፉን በብዛት በሰጡት መጠን ያልቃል፤ ከቈለፉበት ደግሞ የተጠበቀበት ምክንያት ይጠፋል። ሠራተኛው በየቀኑ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አንዱ መፍትሔ ቅጂ ማንሣት ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከገዳማት፥ ከአድባራትና ከግለሰቦች ከስምንት ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል፤ ቅጂው አዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ ብዙውን አንብበው የዘረዘሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካልቻሉ በኋላ፥ ከአገራቸው ርቀው፥ በ2021 እስካረፉበት ዘመን ድረስ በዚሁ ትምህርት ደክመዋል። መጽሐፉ በአንድ ተራራ ላይ፥ አንባቢው በሌላ አህጉር ሆነው የተገናኙት በዝርዝሩ ነው።

፭. እኛስ?

የክፍሉ ደንቦች ምክንያት አላቸው። እርሳስ የታዘዘው ቀለም ከፈሰሰ ስለማይወጣ ነው። እጅን ታጥቦ ማድረቅ የሚያስፈልገው ወዝ ስለሚያቆሽሽ ነው፤ ለብራና ንጹሕ እጅ ከጓንት ይሻላል፥ ጓንት የጣትን ስሜት ቀንሶ ቅጠሉን ያስቀድዳልና። ጣትን በምራቅ እያራሱ ገጽ መግለጥ፥ ከዚያም ይልቅ ለጥናት የምንፈልገውን ጋዜጣ ቀዶ በደብተር ውስጥ ሸሽጎ መውጣት፥ ከኋላችን የሚመጣውን ተማሪ መስረቅ ነው። ድሮውንም ከተፈጨ እንጨት የተሠራው የጋዜጣ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ እየተሰባበረ ከፍየል ቆዳ ቀድሞ ያልቃል።

በኛም በኩል ግን የሚገባን ጥያቄ አለ። ደንቡ ሲነገረን ምክንያቱም ይነገረን፤ በዝርዝር ያልገባው ክምር ወደ ዝርዝር ይግባ፤ ግዕዝ የሚያነቡ ወጣቶች በዚህ ሙያ እንዲሠለጥኑ በጀት ይመደብ። ምሬታችን በበሩ ላይ ከተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ወደዚህ ቢዞር ፍሬ ይኖረዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስብ። በ1960ዎቹ ተማሪዎች በማባዣ መሣሪያ እያተሙ ያሰራጯቸው «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»ና «ታገል» ዛሬ የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልጋቸው ምንጮች ናቸው። ሲታተሙ ግን ወረቀታቸው እንደዚች መጽሔት ርካሽ ነበረ። ስለዚህ የማኅበራችን ጸሐፊ ከእያንዳንዱ እትም ሁለት ቅጂ፥ ቀኑና የጸሐፊዎቹ ስም ተሟልቶ፥ ለልዩ ስብስብ ክፍል እንዲያስረክብ ሐሳብ እናቀርባለን። ይህችም እትም ከዚያ ትጀምር።