ቅናት፤ የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

ከኢትዮጵያ ደጋ ምድር የሚነሣው የራሃድ ወንዝ ድንበሩን ተሻግሮ፣ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሀዋታ ይደርሳል። ግዛቱ ሰሊጥና ማሽላ በሰፊው የሚመረትበት በመሆኑ፣ በአረምና በአጨዳ ወራት ከኢትዮጵያ ብዙ የቀን ሠራተኛ ሲሄድበት ኖሯል። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ በባልንጀራው ቅልጥፍና ተደንቆ «ቀናሁብህ» አለ እንበል። አስተርጓሚው ይህን ለባለእርሻው «ሐሰድ አደረበት» ብሎ ቢነግረው ነገሩ ይበላሻል። ሐሰድ በዐረብኛ የሌላው ጸጋ እንዲጠፋ መመኘት ነው፤ ከክፉ ዓይንም ጋር ይያያዛል። በማግሥቱ የባልንጀራውን እጅ ማጭድ ቢቈርጠው ጥፋቱ በማን ይሳበባል?

ቅናት የመጣው «ቀንአ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ስሙም በግዕዝ «ቅንአት» ይባላል። የዕብራይስጡ «ቂንአ» የዚሁ ዘመድ ነው። በዐረብኛ ደግሞ «ቀነአ» እጅግ ቀላ ማለት ሲሆን፣ ከዚህ ተነሥተው የቃሉ ጥንተ ፍቺ በስሜት ግለት የፊት መቅላት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ስለዚህ ቃሉ በመነሻው ክፋትን ብቻ አያመለክትም። በኦሪት ዘፀአት እግዚአብሔር ቀናተኛ መባሉ ተካፋይ የማይሻ ፍቅሩን ለመግለጽ ነው። «ለአገሩ ቀናዒ» የሚባለውም ሰው የሚመሰገን ነው።

በድምፅ የሚመስሉትን ቃላት ከዚህ መለየት ያስፈልጋል። በግዕዝ መታጠቂያም «ቅናት» ይባላል፤ እሱ ግን መቀነት ከተገኘበት ከ«ቀነተ» የወጣ ነው። መንገደኛን «ይቅናህ» ብሎ የሚመርቅ ሰውም መንገዱ እንዲቃናለት መመኘቱ እንጂ ቅናትን መመኘቱ አይደለም።

ከቅናት ይልቅ ለሐሰድ የሚቀርበው ምቀኝነት ነው። ቀናተኛ «ለእኔም በኖረኝ» ይላል፤ ምቀኛ ግን «ለእሱም ባልኖረው» ይላል። በአፍ ንግግር ይህ ልዩነት ዘወትር አይጠበቅም። ምቀኛን የሚጠላው ሕዝብ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ማለቱም ያስገርማል፤ ምቀኛ የሌለው የሚያስመቀኝ ነገር የሌለው ነው ማለቱ ይሆናል።

ወደ ሀዋታው እርሻ ስንመለስ፣ ዐረብኛ ለሠራተኛው ስሜት «ጊብጣ» የሚል ሌላ ቃል አለው። ይህም ከባለጸጋው ምንም ሳይጐድል የእሱን መሰል መመኘት ነው። አስተርጓሚው ሊናገር የሚገባው ይህንኑ ነበር።

መልመጃ፦ «ቀና»፣ «ተመቀኘ» እና «ተቃና» የሚሉትን ግሦች በየዓረፍተ ነገሩ አግብታችሁ የትርጉማቸውን ልዩነት አስረዱ።