ሁሉም አንድ ከሆነ ደግነት ከየት ይመጣል?

ወጣት፦ ጋሼ፣ ፈላስፋው ስፒኖዛ በእውነት ያለው ህላዌ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አምላክ ወይም ተፈጥሮ ነው ይላል። እኔም ሌባውም የዚያ የአንዱ ገጽታዎች ከሆንን፣ እንዳልሰርቅ ምን ይይዘኛል?

ሽማግሌ፦ ቀድሞህ የጠየቀ አለ። ብላይንበርግ የሚባል የዶርድሬክት የእህል ነጋዴ በ1664 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከስፒኖዛ ጋር መጻጻፍ ጀመረና፣ ሁሉ ከአምላክ ባሕርይ በግድ የሚመጣ ከሆነ ገዳይና መጽዋች በምን ይለያሉ ሲል ሞገተው።

ወጣት፦ ምን አለው?

ሽማግሌ፦ ቅጣት ፈርቶ ብቻ ከወንጀል የሚርቅ ሰው በጎነትን አያውቃትም፤ እኔስ የምርቀው ከባሕርዬ ጋር ስለሚጣላ ነው አለው።

ወጣት፦ ወንጀሉ ከባሕርዩ ጋር የሚስማማለትስ?

ሽማግሌ፦ ከማዕድ ይልቅ ስቅላት የሚስማማው ካለ፣ ራሱን ባይሰቅል ሞኝ ነው ብሎ መለሰ። እንዲህ ያለ ባሕርይ ከናካቴው አይታሰብም ለማለት ነው።

ወጣት፦ ታዲያ በጎውን ማወቅ ይበቃል?

ሽማግሌ፦ አይበቃም። በሞተበት ዓመት፣ በ1677፣ በታተመው «ሥነ ምግባር» ውስጥ፣ ስሜትን የሚገታው ከእሱ የበረታ ተቃራኒ ስሜት ብቻ ነው ይላል። በራሱም ደርሷል። በ1672 የሄግ ሕዝብ ፖለቲከኞቹን የዴ ዊት ወንድማማቾች ሲገድል፣ ሌሊት ወጥቶ አረመኔዎች የሚል ጽሑፍ እቦታው ሊለጥፍ ተነሣ። ሕዝቡ እንዳይዘለዝለው በር የቆለፈበት አከራዩ ነበር፤ ይህን የጻፈው ከራሱ አፍ የሰማው ፈላስፋው ላይብኒዝ ነው።

ወጣት፦ እሺ፣ ስፒኖዛ እንደሚለው ሁሉም ህልውናውን ለማቆየት የሚጥር ከሆነ፣ ጎረቤቴን የምወደው አንድ ስለሆንን ነው?

ሽማግሌ፦ ብዙው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ተኩላውም እኮ የዚያው የአንዱ ገጽታ ነው፤ ስለዚህ ብለህ አታቅፈውም። ስፒኖዛ የሚነሣው ከጥቅም ነው፦ ለሰው በማስተዋል የሚኖርን ሌላ ሰው ያህል የሚጠቅመው የለም። የምንሻው ትልቁ በጎ ነገር ደግሞ ማወቅ ነው፤ ማወቅ ሲካፈሉት አይጎድልም። ስለዚህ አስተዋይ ለራሱ የሚሻውን ለሌላውም ይመኛል።

ወጣት፦ ማስተዋል የሌለውስ?

ሽማግሌ፦ እሱን ለመንግሥት ሕግ ትቶታል፤ ሕግ ደግሞ በማስፈራራት ይገዛል። የስፒኖዛ መልስ የሚሠራው የማወቅን ደስታ ለቀመሰ ሰው ነው። ላልቀመሰው «ሁሉም አንድ ነው» ብትለው፣ መስረቁን አይተውም።