ስለ አይሁድ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት፤ ለአስተማሪዎች የሚጠቅም ምክር

ሴት ልጅን ማስተማር የሚገባ መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን እንዴት መማር እንደሚገባት አስቦ የሚያስተምር ብዙ አይደለም። ልጂቱ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ልማድና ከትምህርት ቤት የምታገኘው ዕውቀት ሳይስማሙ የቀሩ እንደ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች፤ በመጨረሻም አንዱን ለመጣል ትገደዳለች። ይህ ችግር በብዙ ሕዝብ ዘንድ ታይቷል። በክራኮቭ ከተማ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ያገኙለት መድኃኒት ግን ለማናቸውም አስተማሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ክራኮቭ በፖላንድ አገር ያለች የቆየች ከተማ ናት፤ እስከ 1918 ድረስ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ነበረች። የአይሁድ ወንዶች ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምረው ሔደር በሚባል የመምህር ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ በኢትዮጵያ የቄስ ተማሪ ፊደልና ዳዊት እንደሚማር፥ እነርሱም በዚያ ጸሎትንና ኦሪትን ይማሩ ነበር። ለሴቶች ልጆች ግን እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም፤ እናታቸውን እያዩ መማር ይበቃቸዋል ይባል ነበርና። የመንግሥት ሕግ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያዝ ስለ ነበረ፥ ሴቶቹ ወደ ፖላንድ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሄዱ። በዚያም የሌላውን ሕዝብ ታሪክና ቅኔ በሚገባ ዐወቁ፤ እናታቸው በየዕለቱ የምትጸልየውን ጸሎት ትርጓሜ ግን የሚነግራቸው አላገኙም። ብዙዎቹ በወላጆቻቸው ንግግርና ልማድ ማፈር ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም የአባታቸውን ቤት ጥለው ሄዱ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ ነበረ። በ1903 በዚያችው ከተማ ረቢዎች ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ይከፈት የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ተቀባይ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የጀመሩት በ1883 በክራኮቭ የተወለዱ ሣራ ሼኒረር የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ቪዬና ተሰደው ሳሉ፥ በምኵራብ አንድ ረቢ ስለ ጥንት የአይሁድ ሴቶች ሲሰብክ ሰሙ፤ ይህንን ስብከት ያገሬ ሴቶች ልጆች ምነው በሰሙት ብለው ተመኙ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው አስቀድመው ያደጉትን ልጃገረዶች ሰበሰቡ፤ እነርሱ ግን ልባቸው ርቆ ስለ ነበረ ምክሩን በቀልድ ተቀበሉት። ስለዚህ በ1917 ሃያ አምስት ሕፃናት ይዘው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ስሙም ቤት ያዕቆብ ተባለ። እኒህ ሴት በ1935 ሲሞቱ በፖላንድ አገር ከ200 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ከዚህ ሥራ አስተማሪዎች ሊይዙት የሚገባው ምክር የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፤ ትምህርቱ ከታናናሾቹ ይጀመር። «እህል በጥቅምት፥ ልጅ በጡት» የሚለው ያገር ተረት ይህንኑ ያስረዳል። ያደገችውን ልጅ በተግሣጽ ከመጀመር፥ ታናሽ እኅቷን በሚገባ ማስተማር ይሻላል፤ ታላቂቱም የታናሺቱን ደስታ አይታ ትቀርባለችና።

ሁለተኛ፤ ትርጓሜው በእናት ቋንቋ ይሰጥ። በፖላንድ የነበሩት አይሁድ ጸሎታቸውንና ኦሪታቸውን የሚያነቡት በዕብራይስጥ ሲሆን፥ በቤታቸው የሚናገሩት ይዲሽ ነበረ። ልጂቱ ዕብራይስጡን ብቻ በቃሏ ብትይዝ ድምፁን እንጂ ምሥጢሩን አታገኘውም። አስተማሪቱ አንዱን ቃል ታንብብ፤ በልጆቹ ቋንቋ ትተርጕም፤ ከዚያም ከተማሪዎቹ አንዲቱ በራሷ አነጋገር መልሳ ትንገራት። መልሳ መናገር ያልቻለች ልጅ ገና አልተማረችም።

ሦስተኛ፤ ትምህርቱ በቤት ከሚሠራው ሥራ ይነሣ። ለምሳሌ በአይሁድ ቤት ዐርብ ማታ ሁለት ኅብስት በገበታ ላይ ይቀመጣል። አስተማሪቱ «እናትሽ ዐርብ ምን ታዘጋጃለች?» ብላ ትጠይቅ፤ ልጆቹም በተራ ያዩትን ይናገሩ። ቀጥላ «ኅብስቱ ስለ ምን ሁለት ሆነ?» ትበል፤ ዝም ቢሉም አትቸኵል። ከዚህ በኋላ በኦሪት ዘጸአት ያለውን የመናውን ታሪክ፥ በስድስተኛው ቀን የሁለት ቀን ምግብ እንደ ወረደ፥ ታንብብላቸው። ልጂቱ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትገባ ገበታውን በሌላ ዐይን ታየዋለች፤ ለእናቷም ትነግራታለች።

አራተኛ፤ አስተማሪቱ የልጂቱን ቤት አታሳፍር። እናት ማንበብ ባትችል፥ ስሕተቷን በልጇ አፍ ማረም ታላቅ በደል ነው። ለዚህ ምክር ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤል ምስክር ናቸው። በ1984 እና በ1985፥ ደግሞም በ1991 ብዙዎች ወደ እስራኤል አገር በገቡ ጊዜ፥ ከልጆቻቸው ብዙዎቹ በሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቀመጡ። በዚያ ያለች አስተማሪት «እናትሽ የሰንበትን መብራት እንዴት ታበራለች?» ብላ ብትጠይቅ ልጂቱ ዝም ትላለች፤ በቤተ እስራኤል ልማድ ለሰንበት መብራት ማብራት አልነበረምና። ይህን ዝምታ ያለማወቅ ምልክት አድርጎ መቍጠር ግን ስሕተት ነው። «ሰንበት በቤታችሁ እንዴት ይገባል?» ተብላ ብትጠየቅ ብዙ የምትናገረው ታገኛለች፤ ምግቡ ዐርብ ተሠርቶ እንደሚያልቅ፥ ሰውም በወንዝ ውኃ እንደሚታጠብ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ እንደሚጠፋ ትናገራለች። አንዱ ሕዝብ ሰንበት ሳይገባ መብራቱን ያበራል፤ ሌላው እሳቱን ያጠፋል፤ ሁለቱም የሚጠብቁት በሰንበት እሳት እንዳይነድ የሚከለክለውን አንዱን የኦሪት ትእዛዝ ነው። አስተማሪቱ ይህን ብታስረዳ ልጂቱ አዲሱን ልማድ ስትማር እናቷን አትንቅም፤ ጓደኞቿም እርሷን አይንቋትም።

አምስተኛ፤ ጥያቄ አይከልከል። ዕድሜዋ ከፍ ያለች ልጅ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብትል ከድፍረት አይቈጠርባት። አስተማሪቱ መልሱን ብታውቅ ትናገር፤ ባታውቅ «መርምሬ ነገ እነግርሻለሁ» ትበል፤ በማግሥቱም ቃሏን ትፈጽም። በክራኮቭ ከአባታቸው ቤት የራቁት ልጆች ብዙ ጠይቀው መልስ ያጡ ነበሩ።

ስድስተኛ፤ የልጆቹ ድካም ይታሰብ። በፖላንድ ከነበሩት ብዙዎቹ ልጆች ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ውለው ወደ ቤት ያዕቆብ የሚመጡት ከቀትር በኋላ ነበረ። እንዲህ ላለች ልጅ ትምህርቱ አጭር ይሁን፤ በመካከሉም መዝሙርና ጨዋታ ይግባበት። ሣራ ሼኒረር ራሳቸው ተማሪዎቹ በበዓል ቀን የሚያሳዩትን ቴያትር ይጽፉ ነበር። ጠዋት የተማረችውን ቍጥርና መልክዐ ምድርም ማንቋሸሽ አይገባም፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቢጣሉ የምትጐዳው ልጂቱ ናትና።

ሰባተኛ፤ ከተማሪዎቹ አስተማሪዎች ይውጡ። ሥራው በተስፋፋ ጊዜ በቂ አስተማሪ ስላልተገኘ፥ ከተማሪዎቹ የበረቱት ገና በልጅነታቸው ወደ ሌላ ከተማ እየተላኩ ያስተምሩ ነበር። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንደሚባል፥ በታናናሾቹ ትከሻ ታላቅ ሥራ ቆመ። ነገር ግን ወጣት አስተማሪትን ልኮ መርሳት አይገባም፤ የሚጐበኛትና ደብዳቤ የሚጽፍላት ያስፈልጋታል። ስለዚህ በ1923 የቤት ያዕቆብ መጽሔት ተመሠረተ፤ በ1931 ደግሞ ለአስተማሪዎች ማሠልጠኛ የሚሆን ታላቅ ቤት በክራኮቭ ተከፈተ።

ስምንተኛ፤ ይህ ለሽማግሌዎች የሚነገር ነው። ሣራ ሼኒረር ሥራቸውን ሳይጀምሩ ከወንድማቸው ጋራ ሄደው የቤልዝን ረቢ ቡራኬ ተቀበሉ። ሐፌጽ ሐይም የሚባሉት የታወቁ አረጋዊ ረቢም በ1933 ትምህርቱን የሚደግፍ ደብዳቤ ጻፉ። አባቶች ልማዱን እንጠብቃለን ብለው ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሳይከፍቱ በመቅረታቸው ልማዱ ራሱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ የተጠበቀው ቡራኬ ሰጥተው በሩን በከፈቱ ጊዜ ነው። ሽማግሌ የተቀመጠበትን ትምህርት ቤት ወላጅ አይፈራውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ከ1939 እስከ 1945፥ የጀርመን ናዚዎች በፖላንድ የነበሩትን እነዚህን ትምህርት ቤቶች አጠፉ፤ ከአስተማሪዎቹና ከተማሪዎቹም እጅግ ብዙዎቹን ገደሉ። ከሞት የተረፉትና አስቀድመው ወደ ሌላ አገር የሄዱት ግን የተማሩትን ይዘው በኢየሩሳሌም፥ በኒው ዮርክና በሎንዶን እንደ ገና አስተማሩ፤ ቤት ያዕቆብ የሚባሉ ትምህርት ቤቶችም ዛሬ በብዙ አገር አሉ። ሕንፃውና መጽሐፉ ሲቃጠል ትምህርቱ በሴቶቹ ልብ ቀርቶ ነበርና።

እንግዲህ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሥራው መቃናቱን ሊያውቅ ቢወድ፥ የልጂቱን ደብተር ብቻ አይመልከት። ማታ በምድጃው አጠገብ ከእናቷ ጋራ ተቀምጣ የተማረችውን ትነግራት እንደ ሆነ፥ እናቲቱም የምታውቀውን ትጨምርላት እንደ ሆነ ይጠይቅ። እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ ሥር ይዟል፤ እንዲህ ካልሆነ ግን በማግሥቱ ትምህርቱን እናቲቱ በቤት ከምትሠራው ሥራ አንሥቶ እንደ ገና ይጀምር።