የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ፦ ትምህርቱ፣ የሥራ ፈቃዱና የሥራ መስኩ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይሁን እንጂ የውስጥ ሕመሙን ለመግለጥ የደፈረ ሰው መዳኑ በአድማጩ ብቃት ላይም የተመሠረተ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ይህ ብቃት በምን እንደሚገኝና ባለሙያው የት ሊሠራ እንደሚችል እንመለከታለን።

በቅድሚያ ሙያዎቹን እንለይ። ሳይካትሪስት የሕክምና ትምህርት አጠናቅቆ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ሲሆን መድኃኒት ያዛል። ይህ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በሥነ ልቦና ምርመራና በንግግር በሚሰጥ ሕክምና ላይ ያተኩራል። የአእምሮ ጤና ነርሶችና የሶሻል ወርክ ባለሙያዎችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ዲግሪ ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው? አንዲት ታካሚ ድካም፣ ሐዘንና የክብደት መጨመር አለብኝ ብላ ብትመጣ ሕመሟ ድባቴ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ተመሳሳይ ምልክቶች አሉት። ባለሙያው ይህን ጠርጥሮ ለደም ምርመራ ወደ ሐኪም ካልላካት፣ ለወራት የሚደረገው ውይይት ዋናውን ሕመም ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። እንዲሁም ሕይወቱን ለማጥፋት ያስብ እንደሆነ ታካሚውን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ ይልቁንም ለእርዳታ በር ይከፍታል። ጥያቄውን ሳይደናገጡ ማቅረብና መልሱን ተቀብሎ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ ግን ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር በመለማመድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

የፈቃድ ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ግዛት ለምሳሌ እንውሰድ። በዚያ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት ለመሆን የሚሻ ሰው በማስተርስ ዲግሪ ከተመረቀ በኋላም ፈቃድ ባለው ባለሙያ ክትትል የሚሠራውን 3,000 ሰዓት ማሟላት አለበት። ይህም ከ104 ሳምንታት ባነሰ ጊዜ አይጠናቀቅም። ከሰዓቱ ውስጥ ቢያንስ 1,750 ያህሉ ከታካሚዎች ጋር በቀጥታ የሚያሳልፈው ነው። በመጨረሻም ሁለት ፈተናዎችን ያልፋል፤ አንደኛው ስለ ሕግና ሥነ ምግባር፣ ሁለተኛው ስለ ሕክምናው። ከሌላ አገር የተገኘ ዲግሪ ደግሞ በአቻነት ይገመገማል። በአገራችንም በበርካታ የጤና ሙያዎች የሚመረቁ ተማሪዎች በጤና ሚኒስቴር የሚዘጋጀውን የብቃት መመዘኛ ፈተና ይወስዳሉ።

የሥራው መስክ ሰፊ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአማኑኤል ሆስፒታል የመሰሉ የሕክምና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የሱስ ማገገሚያ ማዕከላት፣ የስደተኞች መጠለያዎች እንዲሁም የግል ክሊኒኮች ባለሙያውን ይፈልጉታል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የውጭ ከተሞች ደግሞ አማርኛ ማወቅ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ታካሚው ምስጢሩን በአስተርጓሚ በኩል ከማለፍ ድኖ በራሱ ቋንቋ ይናገራልና።

እንግዲህ ወደ ሙያው ለመግባት የምታስቡ ተማሪዎች ሆይ፣ የትምህርት ክፍል ስትመርጡ «የተግባር ልምምዱ የት ነው? የሚከታተለንስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እርዳታ ፈላጊውም ባለሙያውን ስለ ሥልጠናውና ስለ ፈቃዱ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። በሚገባ የሠለጠነ ባለሙያ ይህን ጥያቄ በደስታ ይመልሳል።