ጥልቀትን የሚያየው ማን ነው? የስሪ ዲ መነጽርና የኤልያስ ስሜ ሥራዎች

በሐዋሳ ከተማ በስሪ ዲ መነጽርና በእይታ ምትሐት ላይ የጋራ የሥዕል ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት የሚያስብ ባለሙያ፣ ጥልቀቱን የትኛው ጎብኚ እንደሚያየው አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል።

አንደኛው ዐይኑ ቀይ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ የሆነው መነጽር ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ ምስል ብቻ ያሳልፋል፤ አንጎል ሁለቱን አዋሕዶ ጥልቀትን ይፈጥራል። የሁለት ዓይን እይታን መርሕ ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 አስረድቷል። ሆኖም በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ጎብኚ ከዚህ ምትሐት ውጭ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ የጋራ ዐውደ ርእይ የተሳተፉት ኤልያስ ስሜ ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ከተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ክፍሎች የሚሠሯቸው ሰፋፊ ሥራዎች ከሩቅ ሲታዩ ከአየር ላይ የታየ መልክዐ ምድር ይመስላሉ፤ ተመልካቹ ሲቀርብ ግን የተጎነጎኑት ሽቦዎች ከፍታና ዝቅታ ይገለጣል። ተመልካቹ ወደ ጎን ሲራመድም የቀረበው ክፍል ከራቀው ፈጥኖ ስለሚያልፍ፣ ጥልቀቱ በአንድ ዓይንም ይለያል።

ትራኮማ የብዙዎችን ዓይን በሚጎዳባት ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ከቴክኒክ ጉዳይነት ያልፋል። ስለዚህ አዘጋጆች ከመነጽር ሥራዎቹ ጎን በእንቅስቃሴ የሚታዩ ሥራዎችን ቢያኖሩ፣ ምትሐቱ ለብዙ ጎብኚዎች ይደርሳል።